«ሲመሽ ነዋ!» ፦ የመካኒሳ ልጆች እንቅልፍ አጭር ታሪክ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ45። መካኒሳ አቦ ታክሲ መያዣው ጋ ቆመን ወደ ሳር ቤት የሚሄድ እንጠብቃለን። ገና በደንብ አልነጋም። አንድ አባት ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በሌላ እጁ ቦርሳና ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ከውስጥ ለውስጥ መንገዱ ወጣ። ልጁ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ዩኒፎርሙን ለብሷል፣ ጫማውንም ተጫምቷል፤ እሱ ግን እንቅልፍ ላይ ነው። የትምህርት ቤት ሰርቪሱ መጣ። አባትየው ልጁን በበሩ ለረዳቷ አቀበላት፤ እሷም መስኮት ጥግ አስቀመጠችው። ልጁ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ እንቅልፉን ቀጠለ። ውስጥ ሰባት ስምንት ልጆች አሉ፤ ሁሉም ተኝተዋል።

«ይሄ ሰርቪስ ነው ወይስ መኝታ ቤት?» አለ አንዱ ጓደኛችን። ሳቅን።

በማግስቱም እዚያው ቆመን ያንኑ አባት አገኘነው። ወሬ ጀመርንና «ማታ በስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?» ብለን ጠየቅነው። «ያው እኔ ስገባ ነው… አራት ሰዓት፣ አራት ተኩል። እኔን ሳያይ አይተኛም» አለን፤ ሲናገር ደስም የሚለው፣ የሚያፍርም ይመስል ነበር።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ከምሽቱ አራት ተኩል ተኝቶ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል የሚቀሰቀስ ልጅ የተኛው 7 ሰዓት ነው። በኬጂው ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያሸልባል እንበል፤ 8 ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 (እ.ኤ.አ. 2019) ያወጣው መመሪያ ደግሞ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት ይላል፤ የቀኑም እንቅልፍ ተጨምሮ ማለት ነው። የሚተኛበትና የሚነሣበት ሰዓትም በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን ይላል። ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ የእኛው ልጅ በቀን 2 ሰዓት ይጎድልበታል። በአምስቱ የትምህርት ቀናት 10 ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ይህ ልጅ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ሌሊት ሳይተኛ ያድራል ማለት ነው! ለትልቅ ሰው ብንነግረው «ኧረ ታመምክ» የሚባልበትን ነገር በአራት ዓመት ልጅ ላይ አይተን እንስቃለን።

አብዛኞቻችን ገና ልጅ የለንም። ምን አገባችሁ ትሉን ይሆናል። እኛን ያሳሰበን ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይህች ከተማ ልጆቿን በጊዜ ማስተኛት የተወችው መቼ ነው? ድሮስ እንዴት ታስተኛቸው ነበር?

ሰዓት የት ነበረን?

ጥያቄውን ይዘን ወደ አንዲት እማማ ሄድን። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቁ፣ ቀለበት መንገዱ ሳይሠራ ጀምሮ የኖሩ፣ ስድስት ልጅ ያሳደጉ እናት ናቸው።

«እማማ፣ ልጆችዎን ማታ በስንት ሰዓት ነበር የሚያስተኟቸው?»

«በስንት ሰዓት?» ብለው ሳቁብን። «ሰዓት የት ነበረን ልጆቼ! ሲመሽ ነዋ!»

መጀመሪያ መልስ የሰጡን አልመሰለንም ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ቀንና ሌሊታችን ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጥም። ፀሐይ የምትጠልቀው፣ ክረምትም ይሁን በጋ፣ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሰዓታችንን ከፀሐይ መውጫና መግቢያ መቁጠራችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚህ አገር ፀሐይዋ ራሷ ሰዓት ናት።

ከለንደን ጋር አስተያዩት። እዚያ በእኛ አቆጣጠር ፀሐይ በሰኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ትጠልቃለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ትገባለች። ጨለማውን ጠብቀው ልጅ ቢያስተኙ በሰኔ እኩለ ሌሊት ሊቃረብ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ከቀትር ብዙም ሳይርቁ ሊያስተኙ ነው። ስለዚህ «የመኝታ ሰዓት» የሚባል ሕግ አወጡ፤ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አይተው፣ መጋረጃ ጋርደው ያስተኛሉ። ለእኛ ግን ሕጉን የምታወጣልን ፀሐይ ነበረች። አሥራ ሁለት ሰዓት ጨለማ አለ፤ ልጅ የሚያስፈልገው እንቅልፍም ከዚያው ውስጥ ይገኛል። ሰው ያልደከመበት ነገር ስለሆነ ማንም ጽፎ አላቆየልንም። ሲጠፋም ማንም አላየውም።

ከብሳናው ሥር

መካኒሳ ስሟን ያገኘችው ከዛፍ ነው። እኛ ብሳና የምንለውን ዛፍ በኦሮምኛ «መካኒሳ» ወይም «በካኒሳ» ይሉታል። «አቦ» ደግሞ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰፈሩ ለረጅም ጊዜ ከከተማው ዳር ነበር፤ ማሳው፣ ባሕር ዛፉ፣ የትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር አትክልቱ… ዛሬም ወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙ አሉ፣ ውሃው እንደ ድሮው ባይሆንም።

በእንዲህ ያለ ሰፈር ልጅ እንዴት ይተኛ እንደነበር እማማ ሲነግሩን ቅደም ተከተል እንዳለው ልብ አልን። ከብት ይገባል። ልጅ እግሩን ይታጠባል። ቀን ባዶ እግሩን ሲሮጥ ውሏልና ሳይታጠብ መደብ ላይ አይወጣም። እራት ይበላል። ከዚያ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ተረት ይሰማል፤ እንቆቅልሽ ይጠያየቃል። ኩራዙ ይቀነሳል። አጎዛው ወይም ጀንዲው ላይ፣ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ቡሉኮ ሥር ይገባል። ተረቱ ሳያልቅ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ይታጠባል፣ ቅቤ ተቀብቶ ይታሻል፣ ይታዘላል፣ እሹሩሩ ይባላል።

ተረት የማታ ነው። ቀን ላይ «ተረት ንገሪን» ብሎ ያስቸገረ ልጅ ሥራ ይታዘዛል። ውጭ ደግሞ ጅብ አለ። አዲስ አበባ ገና ስትቆረቆር ጀምሮ ጅብ በሌሊት የሚመላለስባት ከተማ እንደነበረች የውጭ አገር መንገደኞችም ጽፈዋል፤ በዳር ሰፈሮች ዛሬም ድምፁ ይሰማል። ስለዚህ «አያ ጅቦ መጣ!» ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም፤ በሩ የሚዘጋው ለእውነተኛ ጅብ ነው። ልጅ ከመሸ በኋላ የት ይሄዳል?

ስናጠቃልለው፣ የመካኒሳን ልጅ ሦስት ነገሮች ነበሩ የሚያስተኙት። አንደኛው ጨለማው ነው። ሁለተኛው በምሽት ሁሉም የሚሰበሰብበት ቤት ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ ተረት የምትነግረው አያት ናት። እናት ወጥ እየሠራች፣ አባት ከመንገድ ሳይገባ፣ አያት ልጁን ታስተኛዋለች። ሥራው ባለቤት ነበረው።

ግን ገነት አልነበረም

እንዲህ ስንል የድሮውን ልናሳምር አይደለም። እማማ ራሳቸው ናቸው የገሠጹን። «ቁንጫውንስ? ትኋኑንስ? ጢሱንስ?» አሉን። ስድስት ልጅ በአንድ መደብ ሲተኛ አንዱ ካሳለ ስድስቱም ይነቃሉ። የኩራዝ ጢስ ሌሊቱን በልጅ ሳንባ ውስጥ ያድራል። ጅብና ጭራቅ እየተጠራበት የተኛ ልጅ በእኩለ ሌሊት እየጮኸ ይነሣል። ፍርሃት ልጅን ዝም ያሰኛል እንጂ አያሳርፍም።

ሁሉም ልጅ ከቤቱ አልነበረም። የቆሎ ተማሪው ገና በልጅነቱ ከእናቱ ተለይቶ በጎጆ ያድር ነበር። የቃል ትምህርቱን የሚያጠናው ደግሞ ከመሸ በኋላ ነው፤ ለቃል ትምህርት መብራት አያስፈልግምና። ሊቃውንቶቻችን የምንላቸው ሰዎች በልጅነታቸው እንቅልፋቸውን ከፍለው ነው የተማሩት። የሰው ቤት አገልጋይ የሆነችውም ልጅ መጨረሻ ተኝታ መጀመሪያ የምትነሣ ነበረች፤ ዛሬም እንዲህ የምታድር ልጅ አለች። እንቅልፍ ድሮም ለሁሉም ልጅ እኩል አልታደለም።

ቢሆንም ጨለማው ለሁሉም አንድ ነበር። እሱ ነው ቀድሞ የሄደው።

አቃቂ ያበራው አምፖል

አገራችን ቀደም ብላ በውሃ ኃይል መብራት ካመነጨችባቸው ቦታዎች አንዱ አባ ሳሙኤል ነው፤ ግድቡ በ1920ዎቹ በአቃቂ ወንዝ ላይ መሠራት ጀመረ። የሚገርመው ነገር መካኒሳን አቋርጦ የሚወርደው ትንሹ አቃቂም የሚፈሰው ወደዚያው ነው። ውሃው በመካኒሳ ልጆች እግር ሥር አልፎ ለመሀል ከተማው ብርሃን ይሆናል፤ የመካኒሳ ልጅ ግን በኩራዝ ነው የሚተኛው። በ1948 የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ደግሞ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ቆቃ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ነው አምፖል ቀስ በቀስ ከመሀል ወደ ዳር እየገፋ፣ እያንዳንዱን ሰፈር በየተራው እያዳረሰ የሄደው።

አምፖል መልካም ነገር ነው። ማንም ኩራዝ ይመለስልኝ አይልም። ግን አንድ ነገር ለወጠ። ድሮ መሸ የሚባለው ውጭ ሲጨልም ነበር። ከአምፖል በኋላ ግን የሚመሸው ሰው ተነሥቶ መብራቱን ሲያጠፋ ሆነ። ማን ያጥፋው? መቼ? ይህን የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። የልጅ መኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ውሳኔ ሆነ ማለት ነው። በሰውነት ውስጥም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። ሲጨልም አንጎል ሜላቶኒን የተባለውን፣ ለሰውነት «መሽቷል» ብሎ የሚነግር ሆርሞን ያመነጫል። ብርሃን ሲበዛ ይዘገያል። በትናንሽ ልጆች ላይ ደግሞ ከትልቅ ሰው ይልቅ ይበረታል። እንግዲህ ልጁ «እንቅልፌ አልመጣም» ሲል ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም።

የሁለት ሰዓት ዜና

በ1957 የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። አብረው ተስፋዬ ሳህሉ መጡ፤ አባባ ተስፋዬ! ከ40 ዓመት በላይ፣ እስከ 1998 ድረስ፣ የአገሪቱ ልጆች አያት ሆነው ተረት ነገሩ። በ2009 ሲያርፉ ያለቀሰው ትውልድ በእሳቸው ተረት ያደገ ነው። ከእኛም መካከል የእሳቸውን ድምፅ ለመስማት ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት በር ላይ ጫማ አውልቀን፣ ወለል ላይ ተደርድረን የተቀመጥን አለን።

አሁን ስናስበው ግን አባባ ተስፋዬ ለእንቅልፋችን ጠላት አልነበሩም። ተረታቸው አልቆ ይሰናበታል፤ ልጅ ወደየቤቱ ይበተናል። ከዚያ የሁለት ሰዓት ዜና ይመጣል። የዜናው ሙዚቃ ሲሰማ በስንቱ ቤት «በል ተነሥ፣ ወደ መኝታህ!» ይባል ነበር! ቴሌቪዥን አንድ ጣቢያ ብቻ በነበረበት ዘመን ራሱ ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ የተወችውን ሥራ ለጥቂት ዓመታት የሁለት ሰዓት ዜና ሠራው ማለት ይቻላል።

እንቅልፍ ያልነበረባቸው ሌሊቶች

በመሀሉ መንግሥት ራሱ እንቅልፍ የነሣባቸው ዓመታት አሉ። በመጋቢት 1969 በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ ቀጥሎም በቀይ ሽብር ዘመን፣ ልጅ የሚተኛው በር ሲንኳኳ ማን እንደሚወሰድ ሳያውቅ ነው። በዚያ ዘመን ልጅ የነበሩ ወላጆቻችን ዛሬም ሌሊት መኪና በራቸው ላይ ሲቆም ይነቃሉ። ይህን ከቤታችን እናውቀዋለን። ሰዓት እላፊ ትልልቁን ሰው ሁሉ በጊዜ ወደ ቤት አስገብቶ ነበር። ቤቱ ሞልቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ እንቅልፍ ግን አልነበረም። ከዚህ የተማርነው ነገር ጨለማና ጸጥታ ብቻውን ልጅ እንደማያስተኛ ነው። ልጅ የሚተኛው ደኅና መሆኑን ሲያምን ነው።

ግንቦት 27 ቀን 1983፣ ኢሕአዴግ ከተማዋን በያዘ በሳምንቱ፣ ንጋት ሳይቀድ በንፋስ ስልክ የጦር መሣሪያ መጋዘን ፈነዳ። በደቡብ አዲስ አበባ በዚያ ሌሊት ተኝቶ የቀረ ልጅ ያለ አይመስለንም። እማማም ስድስቱን ልጆቻቸውን በአንድ ጥግ ሰብስበው በላያቸው ላይ ተኝተው እንዳነጉት ነገሩን። «ከዚያ በኋላ ትንሿ ለስንት ጊዜ እጄን ካልያዘች አትተኛም ነበር» አሉን።

መንገዱ ሲረዝም

ከዚያ ወዲህ ያለውን እኛም ደርሰንበታል። ቀለበት መንገዱ ተሠራ። በ1995 ከተማዋ በአሥር ክፍለ ከተማ ስትከፈል መካኒሳ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሥር ገባች። በጀሞ ኮንዶሚኒየሞቹ ቆሙ። ዳር የነበረችው መካኒሳ መተላለፊያ ሆነች፤ ጠዋት ሁሉም በእሷ በኩል ወደ መሀል ይወጣል፣ ማታ በእሷ በኩል ይመለሳል።

ይህ ከእንቅልፍ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሁለት መንገድ አለው። ጠዋት ላይ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሰፈሩ ቢሆን በ1 ሰዓት ይነሣ ነበር። በእኛ ወላጆች ዘመን ብዙው ልጅ ሰፈሩ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄዳል፤ ትምህርቱም በፈረቃ ስለነበር የከሰዓት ፈረቃ የደረሰው እስኪበቃው ይተኛል። ዛሬ ግን «ጥሩ» የተባለው ትምህርት ቤት ከተማ አቋርጠው የሚሄዱበት ሆነ። ሰርቪሱ ሃያ ልጅ ከሃያ በር ለመሰብሰብ መጀመሪያ የሚደርስበትን ልጅ በ11 ሰዓት ተኩል ያስነሣዋል። ማታ ላይ ደግሞ ወላጅ ከሥራ ወጥቶ፣ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ 2 እና 3 ሰዓት ላይ ይገባል። ልጁ በሁለቱም ጫፍ ተቆረጠ።

ቤቱም ተቀየረ። አያት ክፍለ ሀገር ናት፣ ወይም ሌላ ሰፈር። ኮንዶሚኒየሙ ስቱዲዮ ከሆነ ሳሎኑም፣ ማድ ቤቱም፣ መኝታውም አንድ ክፍል ነው። ትልልቆቹ ድራማ ሲያዩ ልጁ የት ሄዶ ይተኛ? በ2008 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ መጣ፤ የቤት እመቤቷም፣ ሞግዚቷም፣ ልጁም እኩል ተከታተሉት። ከዚያ ደግሞ ስልኩ መጣ። የሁለት ሰዓት ዜና ያልቃል። የስልኩ ቪዲዮ ግን አያልቅም፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ራሱ ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅቱ መመሪያ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ምንም ስክሪን አይይ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል። ስንቱን ቤት እናውቃለን፣ ልጁ እራት የሚበላው ስልክ ተደግፎለት የሆነበትን!

እንግዲህ ሦስቱም ሄደዋል ማለት ነው። ጨለማው ሄደ፣ ሁሉም በጊዜ የሚሰበሰብበት ቤት ሄደ፣ አያቷም ሄደች። ማንም በክፋት አላባረራቸውም። እያንዳንዳቸው በተሻለ ነገር ተተኩ፤ በአምፖል፣ በሥራ፣ በራስ ቤት። ችግሩ የማስተኛቱ ሥራ ለማንም አለመተላለፉ ነው። አባት እናት ናት ብሎ ያስባል፣ እናት ሞግዚቷን ታምናለች፣ ሞግዚቷ ደግሞ ራሷ ገና ልጅ ናት።

የፈረንጅ መጽሐፍና የእማማ ቅቤ

አንዳንድ ወጣት ወላጆች መፍትሔውን ከፈረንጅ መጽሐፍ መፈለግ ጀምረዋል። መጽሐፎቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። አሜሪካዊው ሐኪም ኤሜት ሆልት እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ ልጅን እሹሩሩ ማለት መጥፎ ልማድ ነው፣ ቢያለቅስም ዝም በሉት የሚል ትምህርት አስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1946 ዶክተር ስፖክ ለዘብ ባለ ቃል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ዶክተር ፈርበር ልጁን ለጥቂት ደቂቃ እየተዉ፣ እየተመለሱ እያዩ፣ ብቻውን መተኛት እንዲለምድ የሚያደርግ ዘዴ አስተዋወቀ። እነዚህ መጽሐፎች ለልጁ የራሱ ክፍልና የራሱ አልጋ አለው ብለው ነው የሚነሡት። በአንድ ክፍል አምስት ሆነው ለሚኖሩ የመካኒሳ ሰዎች «ልጁን ክፍሉ አስገብታችሁ በሩን ዝጉ» ማለት ምን ማለት ነው? የቱን በር?

ከዚያው ከፈረንጅ የመጣ አንድ ጥናት ግን ደስ አሰኝቶናል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጆዲ ሚንደል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው 405 እናቶችንና ልጆቻቸውን ለሦስት ሳምንት አጠኑ። ለአንዱ ቡድን እናቶች የተነገራቸው ቀላል ነገር ነው። ማታ ልጁን እጠቡት፣ ቅባት ቀብታችሁ እሹት፣ ቀጥሎ ጸጥ ያለ ነገር አድርጉለት፣ ከዚያ መብራቱን አጥፉ፤ በየማታው ያንኑ በዚያው ቅደም ተከተል። ልጆቹ ቶሎ መተኛት ጀመሩ፣ ሌሊት መንቃታቸውም ቀነሰ። የእናቶቹም መንፈስ ተሻሻለ።

ይህን ለእማማ ስናነብላቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እና ለዚህ ነው የተማሩት?» አሉ። እጥበቱ፣ ቅቤው፣ ማሸቱ፣ እሹሩሩው… አንድም የጎደለ የለም። በእርግጥ ለተመራማሪዎቹ ፍትሐዊ እንሁን። እማማ የሚያውቁት በልምድ ነው፤ እነሱ ደግሞ ለክተው አሳዩ። ነገሩን የሚሠራው ዋናው ቅባቱ ሳይሆን መደጋገሙ ነው። ልጅ ሰዓት አያነብም። ከእግር መታጠብ ቀጥሎ ተረት፣ ከተረት ቀጥሎ እንቅልፍ እንደሚመጣ ግን በሳምንት ውስጥ ያነባል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ከታሪኩ ያገኘነውን ብቻ እንበል። ጨለማው ተመልሶ አይመጣም፤ ግን በአንድ ክፍል ቤት ውስጥም ቢሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ትልቁን አምፖል አጥፍቶ ትንሹን ማብራት፣ ቴሌቪዥኑን ለአንድ ሰዓት መዝጋት ይቻላል። አያቷ ሩቅ ናት፤ ግን ተረት ለመንገር አያት መሆን አያስፈልግም። አሥር ደቂቃና ስልክ ያልያዘ እጅ ይበቃል። አባትም ተረት መናገር ይችላል፤ አባባ ተስፋዬም ወንድ ነበሩ! ጅቡን ግን ከተረቱ ውስጥ እንተወው እንጂ ማስፈራሪያ አናድርገው። እግር ማስታጠብ ደግሞ ዋጋው አንድ ጣሳ ውሃ ነው። ይህን በየማታው በአንድ ሰዓት ማድረግ ነው እንግዲህ።

ሁሉንም በወላጅ ላይ መጫን ግን ደግ አይደለም። ልጁን በ11 ሰዓት ተኩል የሚያስነሣው ወላጁ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ደወል፣ የሰርቪሱ መስመርና የከተማው መንገድ ነው። ትናንሾቹ ክፍሎች አንድ ሰዓት ዘግይተው ቢጀምሩ ምን ይጎዳል? በሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ልጅ የሚላክበት እንዲሆን መሥራትስ? ስለ ትምህርት ጥራት ሲወራ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ስለሚማረው ልጅ ማንም አያነሣም።

ያንን አባት ከሳምንታት በኋላ እዚያው መካኒሳ አቦ አገኘነው። የቆጠርነውን ነግረነው ነበር፤ በየሳምንቱ አንድ ሌሊት የሚለውን። ዝም ብሎ ሰምቶን ነበር የሄደው። አሁን ግን ልጁ በእግሩ ቆሞ የአባቱን እጅ ይዟል። «ሳልገባ ሁለት ተኩል ላይ እናቱ ታስተኛዋለች» አለን አባትየው። «መጀመሪያ ሰሞን አለቀሰ። እኔም ከፋኝ፣ እውነቴን ነው። አሁን ጠዋት በራሱ ይነሣና ሰርቪስ እስኪመጣ አብረን ቁርስ እንበላለን። ድሮ ማታ ሁለታችንም ደክሞን ነበር፤ አሁን ያወራኛል።»

ሁልጊዜ አይሳካለትም። ባለፈው ሐሙስ ልጁን እንደገና በጋቢ ጠቅልሎ ይዞት መጣ። አየን፣ ሳቀብን፣ «ትናንት አክስቱ መጥታ ነበር» አለ። ዓርብ ዕለት ግን ልጁ በእግሩ ነበር።